ከ«ፒ» አልወጣም ያለችው መኪናና ለጥቂት የተረፈው ሀብሌ

ሰው ሲያኮርፍ ወይ ጓደኛ ይጠየቃል፣ ወይ ሽማግሌ ይገባል። መኪና ስታኮርፍ ግን የኩርፊያዋን ምክንያት የሚነግራችሁ ሰውና ለማስታረቂያው ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው አንድ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ታዲያ እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ዓይነት ኩርፊያ ብቻ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ቤንዚን አለ፤ ማርሹ ግን ከ«ፒ» ንቅንቅ አይልም። አውቶማቲክ መኪና የምትነዱ ወይም ለመግዛት እቁብ የምትጥሉ ወጣቶች ይህቺን ነገር ጠንቅቃችሁ እወቋት። አንድ ቀን ቦሌ መሀል ሰው እየጠበቃችሁ ታጋጥማችኋለች!

አባቶቻችን መንዳት የለመዱት በላዳና በቮልስዋገን ነው። መኪናው እምቢ ሲላቸው «እስቲ ግፉልኝ!» ይላሉ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን ይለቃሉ፣ ይነሳል። አውቶማቲክ ግን በግፊያ አይነሳም። «ፒ» ላይ ከተቆለፈ ደግሞ የሰፈሩ ወጠምሻ በሙሉ ቢመጣ ፈቀቅ አያደርገውም። ከአባቶቻችን የወረስነው የመኪና ዕውቀት እዚህ ላይ ያልቃል። እኛ ደግሞ በፋንታው የተማርነው የለም።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ያለችን ንብረት አንዲት አሮጌ ቪትዝ ናት። የተገዛችው በእቁብና ከወንድሜ በተበደርነው ገንዘብ ነው። እሱ ቀን ቀን ራይድ ይሠራባታል፣ ማታ ማታ እኔን ከቢሮ ይወስደኛል። የቤት ኪራዩም፣ የወንድሜ ዕዳም፣ የወር አስቤዛውም የሚወጣው ከእሷ ነው። እሷ አንድ ቀን ከቆመች እኛም ቆምን ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አስቤዛ ገዝተን ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ሻንጣ ሞልተን ዘጋን። ባለቤቴ ሞተር አስነሳ። ፍሬን ረገጠ። ማርሹን ሳበ። ወይ ፍንክች! ደገመው፣ ሠለሰው። አጠፋና አስነሳ። የለም።

የፓርኪንግ ልጆች መጡ። «ብራዘር፣ በኃይል ሳበው!» አለ አንዱ። «አይ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቀው» አለ ሌላው። «ካምቢዮ ዘይት አልቆበት ነው» ያለም ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው የሚያውቀውን መካኒክ በስልክ ጠራልን። መካኒኩ መጣ፣ ማርሹን ሁለት ጊዜ ወዘወዘና ፍርዱን ሰጠ። «ካምቢዮው ተበልቷል። መውረድ አለበት። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት በክሬን አስመጡልኝ» አለ። ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የእኔ የስድስት ወር ደመወዝ ነበር።

መኪናዋን ለጥበቃው አደራ ሰጥተን በታክሲ ወደ ሰሚት ገባን። እራት አልተበላም። መብራት ካጠፋን በኋላ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ከሰው ከመበደር... በቤት ያለውን ማየት ይሻላል መሰለኝ» አለ።

በቤት ያለው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ ሀብል ነው። እሷም ከእናቷ የተቀበለችው ነው። «አልሸጥም» ብል ባሌን ሥራ ፈት አድርጌ አስቀመጥኩት ማለት ነው። «እሺ» ብል ደግሞ እናቴ አንገቴን ባየች ቁጥር ምን እላታለሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት መልስ አልሰጠሁትም። ሁለታችንም ተኝተናል ብለን ዋሽተን አደርን።

የጋሼ ጥያቄ

እሑድ ጠዋት ደረጃው ላይ የምናገኛቸው ጋሼ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ፊታችንን አይተው «ምነው ልጄ፣ ደህና አላደራችሁም?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከጨረስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤

«ፍሬን ሲረግጥ ከኋላ ቀዩ መብራት ይበራል?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ለካስ ማንም አላየውም! ያ ሁሉ ሰው ማርሹን ከቦ ቆሞ ነበር እንጂ ከኋላ የቆመ አንድም አልነበረም። ደግሞ ማታ ስለነበር የኋላው ትንሹ ቀይ መብራት አስቀድሞ በርቷል። የፍሬኑ መብራት ይጨመርበት አይጨመርበት ማን ልብ ይለዋል?

ጋሼ ጃኬታቸውን ደርበው አብረውን ቦሌ ወረዱ። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገው ሳቡ። ቀጥሎ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ብቻ አዞሩና ባለቤቴን «እርገጥ» አሉት። እኔ ከኋላ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ምንም የለም። ሦስቱም የፍሬን መብራቶች ጨለማ!

ጋሼ ከመሪው በታች ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈቱ። በክዳኑ ላይ «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያንን ፊውዝ በፒንሳ ነቅለው ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አሳዩን። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች። ባለቤቴ ከመለዋወጫ ሱቅ በዚያው ቁጥር አዲስ ፊውዝ ይዞ መጣ። ተሰካ። ፍሬን ተረገጠ። ከኋላ ቀዩ ቦግ አለ፤ ከማርሹ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማርሹም ያለ አንዳች ትግል ወረደ። የፊውዙ ዋጋ? ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ክሬኑን ደውለን አስቀረነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ሰሚት ደርሰን አስቤዛውን አወረድን፣ ሻንጣውን ዘጋን። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ለሥራ ሊወጣ ሲል ያው ኩርፊያ ተመለሰ! አዲሱ ፊውዝም ተቃጥሏል። ጋሼ ፈገግ ብለው፣ «ፊውዝ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ያቃጠለውን ፈልግ» አሉ።

ያቃጠለው ተገኘ። መኪናዋን የሸጠልን ሰው ለውበት ብሎ የኋላው መስታወት ላይ ያስገጠማት ቀይ መብራት አለች። ሽቦዋ በሻንጣው ክዳን ጠርዝ በኩል ታልፋለች። ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር እየተፈገፈገች ልብሷ ተገፎ ከቆርቆሮው ጋር ትነካካለች። ሽቦዋ ተቆረጠች፣ ጫፏ በቴፕ ተጠቀለለ፣ ሦስተኛ ፊውዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም።

ማርሹ ለምን ይቆለፋል?

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አይተወኝም። «የፍሬን መብራትና ማርሽ ምን አገናኛቸው?» ብዬ ጠየቅኩ፣ አነበብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማርሹ ሥር ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ትንሽ መቆለፊያ አለ። እግራችሁ ፍሬን ላይ መሆኑን ካላወቀ ማርሹን ከ«ፒ» አይለቅም። እንዴት ያውቃል? ከፍሬኑ ፔዳል በላይ አንዲት ስዊች አለች። ፔዳሉ ሲረገጥ ይህቺው ስዊች የኋላውን መብራት ታበራለች፣ ለመቆለፊያውም «እግሩ ፍሬን ላይ ነው» የሚል መልእክት ትልካለች። በብዙ መኪኖች፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ ሁለቱም የሚያገኙት ኤሌክትሪክ በዚያው በ«ስቶፕ» ፊውዝ በኩል የሚያልፈውን ነው። ፊውዙ ሲቃጠል መብራቱ ይጠፋል፣ ማርሹም ይቆለፋል። እስቲ አስቡት፤ ፍሬን ስትይዙ ከኋላችሁ ያለው አይሱዙ የማያይላችሁ መኪና ከቆመበት አልወጣም ማለቱ ክፋት ነው?

የመቆለፊያው ታሪክም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት አውዲ 5000 የተባለው መኪና በራሱ ጊዜ ይፈተለካል የሚል ክስ አቀረበ። ማርሹን ከ«ፒ» ሲያወጡት ተስፈንጥሮ ሰው የገጨባቸው ነበሩ። ሀገር ተንጫጫ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ በ1989 ባወጣው ሪፖርት ለአብዛኛው አደጋ ምክንያቱ ነጂዎች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መርገጣቸው ነው አለ። አውዲ በ1987 ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹን የማይለቅ መቆለፊያ በመኪኖቹ ላይ አስገባ። ሌሎቹም ተከተሉ። በኋላ አሜሪካ በ2008 ሕግ አወጣችበት፤ ከመስከረም 1 ቀን 2010 ጀምሮ የሚሠሩ ትናንሽ አውቶማቲክ መኪኖች በሙሉ ይህ መቆለፊያ እንዲኖራቸው አስገደደች። የሕጉ አንዱ ሐሳብ በቆመ መኪና ውስጥ ማርሽ ነካክተው መኪናውን የሚያንከባልሉ ሕፃናትን ማዳን ነው። በየኮንዶሚኒየማችን ግቢ በመኪና መሀል ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ላየ ሰው ይህ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በየተራ ጠይቁ

እንግዲህ አንድ ቀን ማርሹ አልወጣ ቢላችሁ አትሳቡት፣ አትደብድቡት። ጉልበት የማርሹን እጀታ ይሰብራል እንጂ መቆለፊያውን አያሳምንም። የእጅ ፍሬን ያዙና በየተራ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቁልፉ በትክክል ዞሯል? መሪው ተቆልፎ ቁልፉ እምቢ ካለ መሪውን ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙሩና ሞክሩ። ደግሞ ተደራርቦ የተነጠፈ ምንጣፍ ከፔዳሉ ሥር ገብቶ ፍሬኑ ጠልቆ እንዳይረገጥ አድርጎ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ሁለተኛ፣ የፍሬን መብራት ይበራል? ካልበራ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የፔዳሉን ስዊች ማሳየት ነው። ሁሉም መብራት ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ደክሞ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ መብራቱ ከበራ ጆሯችሁን ስጡ። ሬዲዮ አጥፉ፣ ፍሬን እርገጡ። ብዙ መኪኖች ላይ ከማርሹ ሥር «ጠቅ» ይላል። መብራቱ በርቶ «ጠቅ» ካላለ ጥርጣሬው ወደ ሶሌኖይዱ ወይም ወደ ሽቦው ይሄዳል። «ጠቅ» ብሎም ማርሹ ካልወጣ ነገሩ የኤሌክትሪክ ላይሆን ይችላል። የፈሰሰ ለስላሳ ወይም ማኪያቶ ደርቆ አጣብቆት፣ ወይም ሳንቲም ገብቶበት ይሆናል።

አራተኛ፣ ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ነው የቆማችሁት? ኮተቤና የካ አካባቢ ያላችሁ ይህ ይመለከታችኋል። «ፒ» ሲገባ ካምቢዮ ውስጥ አንዲት የብረት ጥርስ ትገባና ጎማውን ትይዛለች። የእጅ ፍሬን ሳትይዙ «ፒ» ብቻ አስገብታችሁ ከወረዳችሁ የመኪናው ክብደት በሙሉ በዚያች ጥርስ ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት ማርሹ ይከብዳል፣ ሲወጣም «ጓ!» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ስታቆሙ እግራችሁ ፍሬን ላይ እንዳለ «ኤን» አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ እግራችሁን ላላ አድርጋችሁ መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ ፍሬኑን መልሳችሁ ርገጡና ከዚያ «ፒ» አስገቡ።

ተቃራኒውም በሽታ አለ። ከፔዳሉ ጋር ያለች ትንሽ ፕላስቲክ በእርጅና ተፈርፍራ ስትወድቅ የፍሬን መብራቱ ቀን ከሌሊት አይጠፋም። ማርሹም ፍሬን ሳይረገጥ ይወጣል። ባትሪ ሲጨርስባችሁ ከማማረራችሁ በፊት ማታ ዞር ብላችሁ ኋላውን እዩ።

ያቺ ትንሽ ክዳን

ሰሚት ላይ ሁለተኛው ፊውዝ ሲቃጠል ጋሼ አንድ ሌላ ነገር አሳዩን። ከማርሹ አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የሚል የተጻፈባት የጥፍር ያህል ክዳን አለች። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ትገኛለች፤ በሌሎቹም ቦታዋ ይለያይ እንጂ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ፍሬን ይረገጣል። ክዳኗ በካቻቢቴ ትነሳለች፣ ውስጧ ወደ ታች ተጫን እየተደረገ ማርሹ ወደ «ኤን» ይሳባል። ሞተሩ በ«ኤን»ም ይነሳል።

ይቺ ግን መውጫ በር ናት እንጂ ፈውስ አይደለችም። መንገድ ዘግታችሁ ከሆነ፣ በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ታወጣችኋለች። ከዚያ ስትነዱ ግን ምናልባት የፍሬን መብራት እንደሌላችሁ አትርሱ። ቀለበት መንገድ ላይ ሳይሆን ቅርብ ወዳለ ኤሌክትሪሺያን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ መያዙን ሳታረጋግጡ አትንኳት። በየቀኑ በዚህች እየነዱ ወራት የሚቆዩ ሰዎች አይቻለሁ። ይህ ብልጠት አይደለም።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ፊውዝ ሲቃጠል 10 የሚል ከሆነ 10 ግዙ። «ጠንከር ያለ ይሁን» ብላችሁ ከፍ ያለ ቁጥር ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር አትሰኩ። ያን ጊዜ በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው ሽቦው፣ ምናልባትም መኪናው ነው። ሁለተኛ፣ ክሬን የግድ ከሆነ እንደ ቪትዝ ያሉ በፊት ጎማ የሚሄዱ መኪኖች የፊት ጎማቸው ከመሬት ይነሳ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ይጫኑ። «ፒ» ላይ ያለ መኪና ከተጎተተ ያልተበላው ካምቢዮ ያኔ ይበላል!

ስለ ገንዘብና ስለ ትዳር

ያን መካኒክ ሌባ ልለው አልፈልግም። ምናልባት ከልቡ ካምቢዮ መስሎት ይሆናል። ወጣቶች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። «ካምቢዮ ይውረድ» የሚል ሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። የፍሬን መብራቱን አይተሃል? ፊውዙን አይተሃል? ካምቢዮው መበላቱን በምን አወቅክ? እነዚህን ስትጠይቁት የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በደንብ የሚሠራ ሰው ጥያቄ አያስከፋውም። ካምቢዮው የእውነት የተበላ መኪና ብዙውን ጊዜ ማርሹ ይገባል፤ መሄዱ ነው የሚቸግረው። ማርሹ ጭራሽ ከ«ፒ» አልነቃነቅ ካለ ጥርጣሬው ከሁሉ በፊት ወደ መቆለፊያው ይሂድ።

በቤትም እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ያን ሌሊት ሀብሌን ሊሸጥ ያሰበው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚያውቅ የመሰለው ሰው ነገሩ አልቋል ስላለው ነው። የወጣት ትዳር ብዙ ጊዜ የሚናጋው በችግሩ ሳይሆን በተጣደፈው መፍትሔ ነው። ወርቅ ከተሸጠ በኋላ «ፊውዝ ነበር ለካ» ቢባል ያ ነገር በስንት ዓመት ይረሳ ነበር? እኛ አሁን አንድ ደንብ አለን። ከተወሰነ ብር በላይ የሚያስወጣ ነገር ሲመጣ አንድ ሌሊት ይደርና ሁለተኛ ሰው ይጠየቃል። የእናት ስጦታ ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጨረሻው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ዘንግ የላቸውም። ማርሹ ቁልፍ መጫን ወይም ጉብታ ማዞር ሆኗል። «እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ! እነሱም ከ«ፒ» ለመውጣት ፍሬን መረገጡን ይጠይቃሉ። ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ባትሪም አለቻቸው። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ከቦታው ላይወጣ ይችላል። ስትገዙ ትንሿ ባትሪ የት እንዳለችና «ፒ» በእጅ እንዴት እንደሚለቀቅ ሻጩ ያሳያችሁ። ያላሳየ እንደሆነ ቁልፉን አትቀበሉት።

እንግዲህ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ ራቅ ብሎ ይቁም፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ቀዩ በራ ወይስ አልበራም? ጨዋታው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቸር ሰንብቱ!